የተጠፋፉት ሞገዶች የት ገቡ? (አዳማ፣ የሱቅ ማስታወሻ)

ጥቅምት 20

ነገሩ የተጀመረው ማኪያቶ ላይ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከሱቄ አጠገብ ካለችው ካፌ ተቀምጠናል። ሬዲዮ የሚጠግን ጓደኛዬ ጠየቀኝ። «ትራንስሚተሩና አንቴናው ኢምፒዳንሳቸው (ለሞገድ የሚያሳዩት የቮልትና የኩረንት ሬሾ፣ በኦም) ካልገጠመ ሞገዱ ይመለሳል፣ አይደል? መሃል ላይ ማስማሚያ ገመድ ስታስገባ ደግሞ ሁለት ተመላሽ ሞገድ ይፈጠርና እርስ በርስ ይጠፋፋል። እሺ፣ የተጠፋፋው ጉልበት የት ገባ?»

«ገመዱ ላይ ይሞቃላ» አልኩ፣ ሳላስብ።

«ገመዱን ነክተኸው ታውቃለህ?»

አልነካሁም። ዲሽ ስተክል፣ ቲቪ ስጠግን ነው የኖርኩት። ጉልበት አይፈጠርም አይጠፋም የሚለውን ትምህርት ቤት ሸምድጄዋለሁ፤ በእጄ ግን አልለካሁትም። ተወራረድን። የተሸነፈ ለአንድ ሳምንት ማኪያቶ ይከፍላል።

አንድ ደንብ አወጣሁ። ወደ አየር ምንም አይለቀቅም፣ ፈቃድ የለኝም። ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ፣ ገመድ ውስጥ ያልቃል።

በእጄ ያለው፦ አንድ ጥቅል የዲሽ ገመድ (አርጂ 6፣ 75 ኦም፣ «100 ሜትር» ተብሎ የተገዛ)፣ ቴስተር፣ ፓወር ባንክ፣ ጓደኛዬ ያዋሰኝ አሮጌ 20 ሜጋኸርዝ ኦሲሎስኮፕ (ቮልት ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ በስክሪን የሚያሳይ)። የገዛሁት፦ ሁለት 74ኤችሲ14 ቺፕ 160 ብር፣ ሬዚስተርና ካፓሲተር 90 ብር፣ ብሬድቦርድ 350 ብር።

ጥቅምት 24

ሐሳቡ ቀላል ነው። ገመዱ ላይ ድንገት ቮልት ልልቀቅና ሞገዱ ሄዶ ሲመለስ በዓይኔ ልየው። ቺፑ ውስጥ ስድስት ኢንቨርተር (የገባውን ገልብጦ የሚያወጣ በር) አለ። በአንዱ ኦሲሌተር (ቮልቱን በራሱ የሚያበራ የሚያጠፋ) ሠራሁ፦ 10 ኪሎኦም፣ 1 ናኖፋራድ፣ ወደ 110 ኪሎኸርዝ ይሰጣል።

ስህተት አንድ፦ አንዱን የቺፑን መውጫ በቀጥታ ከገመዱ ጋር አገናኘሁት። ስኮፑ ላይ የወጣው ነገር የፎቅ ደረጃ ይመስላል። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ደግሞ ወደ ታች። ግማሽ ቀን ቺፑን ረገምኩት። ጥፋቱ የቺፑ አልነበረም። የቺፑ የውስጥ ኢምፒዳንስ 75 ስላልሆነ፣ ከጫፍ ተመልሶ የመጣው ሞገድ እዚህም ግድግዳ ገጥሞት እንደገና ይሄዳል። ገመዱ ውስጥ ኳስ እያነጠርኩ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው፦ አምስቱን ኢንቨርተሮች አንድ ላይ፣ እያንዳንዳቸው በ330 ኦም። አምስት 330 በትይዩ 66 ኦም ነው። የቺፑ የራሱ ሲጨመርበት ወደ 75 ይጠጋል። ደረጃው ጠፋ።

ስህተት ሁለት፦ የቺፑ መብራት መግቢያ ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር መርሳት። መስመሩ ጢም አወጣ። ሳስገባው ተላጨ።

ጥቅምት 27

ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነው። የገመዱን ሩቅ ጫፍ በሦስት መንገድ አየሁት።

ክፍት ሲሆን ቮልቱ መጀመሪያ 2.5 ላይ ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ 5 ይዘላል። 75 ኦም ሬዚስተር ሲታሰርበት 2.5 ላይ ቆሞ ይቀራል፣ የተመለሰ ነገር የለም። ጫፉ ሾርት ሲደረግ 2.5 ላይ ይቆምና ወደ ታች ይወድቃል። ተመላሹ ሞገድ ተገልብጦ መጥቶ ሂያጁን ሲያጠፋው ማለት ነው። ረዳቴ ልጅ አጠገቤ ቆሞ እያየ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገመዱ የት እንደተቆረጠ ይናገራል» አለ። እውነቱን ነው። ስንት ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ገመድ በእጄ እየዳበስኩ የተቆረጠበትን ፈልጌያለሁ!

የመሄጃና የመመለሻው ጊዜ 0.74 ማይክሮሰከንድ ነው። 200 ሜትር በ0.74 ሲካፈል ከብርሃን ፍጥነት 90 በመቶ ይሆናል። ለዚህ ዓይነት ገመድ የሚጠበቀው 82 ወይም 85 ነው። ስኮፑን ጠረጠርኩ። ጊዜ መለኪያውን በሌላ መንገድ አረጋገጥኩ፣ ደህና ነው። በመጨረሻ የገመዱ ልብስ ላይ የታተመውን የሜትር ቁጥር አየሁ። አንዱ ጫፍ 012 ይላል፣ ሌላው 103። ጥቅሉ 91 ሜትር ነው! 182 በ0.74፣ 82 በመቶ ወጣ። ፊዚክስ አልዋሸም፣ ሻጩ ነው። ዘጠኝ ሜትር ገመድ ተበልቻለሁ።

ኅዳር 1

ሾርት ሲሆን ቮልቱ ዜሮ መግባት ነበረበት። 0.6 ቮልት ላይ ቆመ። ግንኙነቱን እንደገና በየድኩ፣ ያው። ጃኩን ቀየርኩ፣ ያው።

ከዚያ የመሃሉን ሽቦ ወደ ማግኔት አስጠጋሁት። ጥብቅ! መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ጫፉን ሾርት አድርጌ በቴስተር ስለካው ደርሶ መልሱ 11 ኦም ነው። 5 ቮልት በ75 እና በ11 መሃል ሲካፈል 0.64። ያው የታየው። ለዲሽ ፍሪኩዌንሲ ኩረንቱ የሚሄደው በመዳቡ ቆዳ ላይ ስለሆነ ብረቱ ብዙ አይጎዳም። ለኔ ቀርፋፋ እርምጃ ግን ይጎዳል።

ኅዳር 5

ወደ ዋናው ጥያቄ። ሾርት ላይ ሁለት ሞገድ ሲገናኝ ቮልቱ ይጠፋፋል። ጉልበቱስ?

ቮልት ብቻ ስለማይ ነው ግራ የገባኝ። ኩረንቱንም ማየት አለብኝ። ኩረንት መለኪያ እንድትሆነኝ ከተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ውስጥ ትንሿን የፌራይት (የማግኔት ድንጋይ) ቀለበት አወጣሁ፣ ዋጋዋ ዜሮ ብር። የገመዱን መሃል ሽቦ በቀለበቷ አሳልፌ፣ ቀለበቷ ላይ ቀጭን ሽቦ ጠመጠምኩ፣ 51 ኦም አሰርኩባት። መጀመሪያ ሦስት ዙር ብቻ ስለጠመጠምኩ ምልክቱ ተመላሹ ሳይደርስ ቁልቁል ተንሸራቶ አለቀ። አስር ዙር ሳደርገው ትንሽ ያዘቀዝቃል እንጂ ይነበባል። አስር ዙር ማለት ለእያንዳንዱ ሚሊአምፕ 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው።

የታየው ይሄ ነው። ሞገዱ ሲወጣ 33 ሚሊአምፕ። ተመላሹ ሲደርስ ቮልቱ ወደቀ፣ ኩረንቱ ግን ወደ 58 ወጣ! ብረቱ ባይኖር 67 በሆነ ነበር፣ ልክ እጥፍ። ጫፉን ስከፍተው ደግሞ በተቃራኒው፦ ቮልቱ እጥፍ፣ ኩረንቱ ዜሮ።

ማታ በደብተር አሰላሁት። ገመዱ ኪሳራ የለውም ብዬ ልያዘው። ወደ ገመዱ የሚገባው 2.5 ቮልት በ33.3 ሚሊአምፕ፣ 83 ሚሊዋት ነው። ቺፑ ጫፉ ክፍት ይሁን ሾርት የሚያውቀው ተመላሹ ሲደርስ ስለሆነ፣ ለ0.74 ማይክሮሰከንድ ያለ ጥያቄ ይሰጣል። ጠቅላላው ወደ 62 ናኖጁል።

ክፍት ሲሆን ገመዱ 5 ቮልት የተሞላ ካፓሲተር ነው። በቴስተሬ ለካሁት፣ 4.9 ናኖፋራድ አለ። ግማሽ በ4.9 በ25፣ ወደ 61 ናኖጁል። ሾርት ሲሆን ደግሞ ኩረንት የሚሄድበት ጥቅልል ነው። የገመዱ ኢንደክታንስ 75 በ0.37 ማይክሮሰከንድ፣ 27.8 ማይክሮሄንሪ። ግማሽ በ27.8 በ67 ሚሊአምፕ ስኩዌር፣ 62 ናኖጁል።

ተቀምጬ ሳቅኩ። ቮልቱ ጠፋ እንጂ ጉልበቱ ከቦታው አልተነሳም። ከኤሌክትሪክ መስክ ወጥቶ ማግኔቲክ መስክ ውስጥ ገባ። እኔ በአንድ ዓይን ስለማይ ነው የጠፋ የመሰለኝ። «ተጠፋፉ» የሚለው ቃል ራሱ ሸውዶኛል። እኛ እኮ ሁለት ሰው «ተጠፋፋን» ሲባባል አንዱም አልሞተም። ሌላ ሰፈር ነው ያለው።

(ቺፑ ሾርት ላይ ብዙ ሲቆይ ይሞቃል። የመብራት እግሩ ገደብ 50 ሚሊአምፕ ነው፣ እኔ በየግማሽ ዙሩ ከዚያ እያሳለፍኩ ነው። አንዱ ቺፕ በዚሁ ሄደ። 80 ብር።)

ኅዳር 14

ዘጠኝ ቀን ምንም አልሠራሁም። መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ቺፑ በፓወር ባንክ ቢሠራም ስኮፑ አይሠራም። ከተራራው ላይ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች ከሱቄ በር ይታዩኛል። ያንን ሁሉ ክንፍ እያየሁ በሻማ ሬዚስተር መፈለግ ያናድዳል።

ናኖ ቪኤንኤ ግን መጣ፤ በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል ሞገድ እንደሚመለስ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ነው። አንድ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ ነው። 9,500 ብር። ለአንድ ሳምንት ማኪያቶ ውርርድ ይሄን ማውጣቴን ቤት ውስጥ አልተናገርኩም።

ኅዳር 18

አሁን የጓደኛዬ እውነተኛ ጥያቄ፦ ማስማሚያው ገመድ።

ሕጉ እንዲህ ነው። በሁለት የማይገጥሙ ኢምፒዳንሶች መሃል ሩብ ሞገድ (የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ) የሚረዝም ገመድ ይገባል። የዚያ ገመድ ኢምፒዳንስ የሁለቱ ጎረቤቶቹ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። ከግራ 50 ኦም መለኪያው፣ መሃል ያለኝ 75፣ ስለዚህ ቀኝ 112.5 መሆን አለበት። 100 እና 12 ኦም በተከታታይ፣ 112። ይበቃል።

10 ሜጋኸርዝ ላይ ሩብ ሞገድ በአየር 7.5 ሜትር ነው። በገመድ ውስጥ ሞገዱ ስለሚዘገይ ያጥራል። በ0.66 አባዛሁት፣ 4.95 ሜትር፣ ቀጭ!

ከቆረጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። 0.66 የዚያ የቀጭኑ ጥቁር ገመድ የአርጂ 58 ቁጥር ነው፣ በልቤ የቀረ። የኔን በገዛ እጄ 0.82 ብዬ ለክቼው ነበር፣ እዚሁ ደብተር ላይ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ! የተቆረጠ ገመድ አይረዝም። ሌላ 6 ሜትር ልቆርጥ መቀሱን አንስቼ ተውኩት። ፊዚክሱ 10 ሜጋኸርዝ ሆነ አልሆነ ምን ገዶት? 4.95 ሜትር በ0.82 ሩብ ሞገድ የሚሆነው 12.4 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። እዚያ እንሥራ።

ኅዳር 21

መጀመሪያ ጭነቱን፣ ማለትም የአንቴናውን ቦታ የያዘውን 112 ኦም፣ በቀጥታ መለኪያው ላይ። ኤስደብሊውአር (የአለመግጠም መለኪያ፣ 1 ሲሆን ፍጹም ገጥሟል) 2.24፣ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ያው። ከዚያ ገመዱን መሃል አስገባሁ። መስመሩ ወረደ፣ ወረደ፣ 12.4 አካባቢ 1.03 ገባ! 24.8 ላይ ተመልሶ ከ2 በላይ። ገመዱ እዚያ ግማሽ ሞገድ ስለሆነ እንደሌለ ነው። 37 ላይ እንደገና ወረደ።

ተመላሹ ጠፋ ማለት ነው። ግን እንዴት? እዚህ ላይ ነው ሁለት ማታ የፈጀሁት።

100 ዋት ልኬአለሁ ብዬ ልያዝ። 50 እና 75 የሚገናኙበት ድንበር ላይ ከቮልቱ 0.2 ይመለሳል። በዋት 4። 96 ዋት ያልፋል። ጭነቱ ጋር 75 ከ112.5 ይገናኛል፣ እዚያም 0.2፣ ከ96ቱ 3.84 ዋት ይመለሳል። ከዚህ ውስጥ 3.69 ዋቱ ድንበሩን ወደ ኋላ ይሻገራል።

የኔ የቆየ ጭንቅላት «4 ሲደመር 3.69፣ 7.69 ዋት ወደ ትራንስሚተሩ ተመለሰ» ይላል። መለኪያው ደግሞ ዜሮ ይላል። ስህተቱ መደመሩ ላይ ነው። በአንድ ገመድ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሄዱ ሞገዶች በዋት አይደመሩም። በቮልት ይደመራሉ፣ ከዚያ ነው ስኩዌር የሚደረገው።

በቮልት እንየው። የገባው 1 ቢሆን፣ መጀመሪያ የተመለሰው 0.2። ከጭነቱ ዞሮ የመጣው ሩብ ሄዶ ሩብ ስለተመለሰ ተገልብጧል፦ −0.192። ድምሩ 0.008። ቀጣዩ ዙር ሌላ −0.00768 ያመጣል፣ 0.00032 ይቀራል። እያንዳንዱ ዙር 40 ናኖሰከንድ ነው። ዓይን ሳይጨፈን ዜሮ።

ወደ ፊት ደግሞ ተቃራኒው እየሆነ ነው። ድንበሩ ላይ ከጭነቱ የተመለሰው 0.24 በሙሉ አያልፍም። አንድ አምስተኛው፣ 0.048፣ እንደገና ወደ ጭነቱ ይዞራል። ሲዞር አዲስ ከሚገባው 1.2 ጋር እኩል እግሩን ያነሳል። 1.2፣ 1.248፣ 1.2499... 1.25 ላይ ይረጋል። በዋት ከ96 ተነስቶ 104.17 ሆነ! ከጭነቱ የሚመለሰው 4.17። ሲቀነስ ልክ 100። ሁሉም ወደ ጭነቱ።

ስለዚህ ወደ ኋላ ሲጠፋፋ ወደ ፊት ይበረታል። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም፣ ያው አንድ ድንበር ነው ሁለቱንም የሚሠራው። ሙቀት የለ፣ ምን የለ። መጀመሪያ የተመለሰው 4 ዋት ግን እውነተኛ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ናኖሰከንዶች በእርግጥ ወደ ኋላ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ የተዘጋው።

ኅዳር 23

ስሌት ብቻ ለጓደኛዬ አይበቃውም፣ አውቀዋለሁ። 1.25 እና 0.25 ጭነቱ ጋር ሲደመሩ 1.5 ነው። መግቢያው ላይ 1። ስለዚህ ጭነቱ ላይ ያለው ቮልት ከመግቢያው በ1.5 እጥፍ መብለጥ አለበት። ምንም ማጉያ ሳይኖር! ናኖ ቪኤንኤውን 12.4 ላይ አቁሜ እንደ ሲግናል ጀነሬተር ተጠቀምኩበት።

መጀመሪያ የወጣው ሬሾ ከ1.5 በጣም ያነሰ ነበር። ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ ፕሮቡን (የስኮፑን መለኪያ ገመድ) አየሁት። መቀየሪያው አንድ እጥፍ ላይ ነው ያለው። በዚያ ሁኔታ ፕሮቡ ወደ 100 ፒኮፋራድ አለው፣ 12.4 ሜጋኸርዝ ላይ 128 ኦም ማለት ነው። እኔ ስለካ ጭነቱ ላይ ሌላ ጭነት እያሰርኩ ነበር። አስር እጥፍ ላይ አደረግኩት።

መግቢያ 0.18 ቮልት፣ ጭነት 0.26 ቮልት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሬሾው 1.44። በዋት መግቢያው 81 ማይክሮዋት፣ ጭነቱ 75። 7 በመቶ ጎደለ። ከፊሉ የገመዱ ብረት ነው፣ ከፊሉ ፕሮቡ፣ ከፊሉ የስኮፑን መስመር በዓይን ማንበቤ። በዚህ አሮጌ ስኮፕ ከዚህ በላይ አልለምንም።

ኅዳር 26

ጓደኛዬን ሱቅ ጠራሁት። ስኮፑን አሳየሁት፣ ደብተሩን አሳየሁት። ዝም ብሎ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲያሻሽ፣ ረዳቴ መስታወቱ ላይ ያለውን አረንጓዴ ነጸብራቅ አይቶ «እሱስ?» አለ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱም ያው ነው። የሌንስ ቅባት የብርሃን ሩብ ሞገድ ነው። በአንድ ንብርብር ማግኒዚየም ፍሎራይድ ሲቀባ ውፍረቱ ወደ 100 ናኖሜትር ነው። ከቅባቱ ፊትና ከመስታወቱ የሚመለሰው ብርሃን ይጠፋፋል፣ ወደ ዓይን የሚያልፈው ይጨምራል። የኔ 4.95 ሜትር ገመድ ለሬዲዮ መነጽር ናት።

ውርርዱን ማን አሸነፈ የሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን። እኔ ለካሁ፣ እኔ አሰላሁ። እሱ ግን ጥቅምት 20 ያልኩትን ቃል በቃል ያስታውሳል፦ «ገመዱ ላይ ይሞቃላ»። ረዳቴን ዳኛ አደረግነው፣ ከዳ። «ጋሼ፣ ተሸንፈሃል» አለ።

ሂሳብ፦ መጀመሪያ ቀን 600፣ ናኖ ቪኤንኤ 9,500፣ ሌሎች ጃኮችና አዳፕተሮች 720። የተቃጠለው ቺፕ ከመጀመሪያው 600 ውስጥ ነው። ማኪያቶ ለአንድ ሳምንት፣ ለሁለት ሰው። ረዳቴም ከነገ ጀምሮ እንደሚጠጣ አስታውቋል።

ቀጣይ፦ የቀረውን 86 ሜትር ገመድ ይዤ የተቆረጠበትን ቦታ የሚያገኝ መለኪያ በሳጥን ውስጥ ልሠራ ነው። ኢንቨርተሩን በ74ኤሲ14 እቀይረዋለሁ፣ ኩረንት ይችላል። ሳጥኑን ከተበላሸ ሪሲቨር አውጥቻለሁ፣ የፊቱ ቀዳዳ ለስኮፑ ጃክ ትንሽ ጠቦታል። ነገ በሞረድ አሰፋዋለሁ።